በገመድ የተገዛው በሬ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሻኪሶ ልሄድ ስል፣ እዚያ ብርድ ስለማይጠፋ፣ ዓመታት ከቁምሳጥኑ ጥግ የተሰቀለውን ወፍራም ጃኬቴን አወጣሁና እጄን ኪሱ ውስጥ ስከት አንዲት ትንሽ የሳኒታይዘር ጠርሙስ አገኘሁ። ግማሿ ተንኗል፣ የቀረው እንደ ማር ወፍሯል። ክዳኗን ከፍቼ ሳሸታት፣ መድኃኒት ቤትና ርካሽ አረቄ የተቀላቀሉበት ያ ሽታ አፍንጫዬን ወጋኝ። የነገሌ ቦረና የከብት ገበያ ተዘግቶ፣ እኔም የገዛ አባቴን ቆልፌ ያስቀመጥኩበት የኮሮናው ዓመት እንዳለ መጣብኝ።

ቆለፍኩ ስል ለአነጋገር ያህል አይደለም። ለመጋዘን የገዛሁትን ትልቁን ጓጉንቸር አምጥቼ የግቢው በር ላይ አደረግሁት፤ ቁልፉንም አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

አባባ ከጉራጌ አገር በጎረምሳነታቸው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ መጀመሪያ ጨውና ሻይ ቅጠል፣ በኋላ ከብት የነገዱ ሰው ነበሩ። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ባሉት ዓመታት፣ ለእኛ ለነገሌ ልጆች ከሁሉ የሚበልጠው መዝናኛ የከብት ገበያው ነበር። ቪዲዮ ቤት ለመግባት ይከፈላል፤ የገበያው አጥር ላይ መቀመጥ ግን በነፃ ነው፣ ፊልሙም በየገበያው ቀን ይለወጣል። ቀዩ አቧራ ወገብ ድረስ ቆሞ፣ ግመሎች እየተነጫነጩ፣ የበሬ ላብና የፍየል ሽታ ፀሐይ ላይ አብሮ እየተቀቀለ፣ መሐል ላይ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ። እጃቸው በጋቢ ጫፍ ስለተሸፈነ አይታይም። ዋጋ የሚነጋገሩት እዚያ ውስጥ በጣት ነው፤ አንዱ የሌላውን ጣት ይጨብጣል፣ ያኛው ያስለቅቅና የራሱን ይጠራል፣ በመጨረሻ መዳፍ ጠበቅ ካለ ከብቱ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲያ ማፍረስ ነውር ነው። ፊታቸው ግን ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ፊት ነው። እኛ አጥሩ ላይ ተኮልኩለን ማን እንዳተረፈ እንገምታለን። በዚህ ጨዋታ የሚረታኝ አልነበረም፤ ምክንያቱም አባባ ደስ ሲላቸው እንደሚያስሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋቢው ሥር ብዙ ጊዜ እጃቸውን የሚይዙት ኦቦ ጃርሶ ነበሩ፤ ከቁልቋል አጥራችን ወዲያ የሚኖሩ የቦረና ደላላ። አርባ ዓመት እንዲህ እጅ ለእጅ ተያይዘው አረጁ። ሥራውን ለእኔ ለቀውልኝ እንኳ አባባ አንድ የገበያ ቀን አልቀሩም፤ ከኦቦ ጃርሶ ጋር ሄደው የሰው በሬ ላይ ዋጋ ሲቆርጡ ይውሉ ነበር።

ታዲያ በሬዲዮ “እጅ ለእጅ አትጨባበጡ” ተባለ። ለእኛ ሥራ ይህ ፀጉር አስተካካይን ራስ አትንካ እንደ ማለት ነው። ገበያው ተዘጋ። አባባ ሰባን አልፈዋል፣ አስም አለባቸው። እኔም ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልኩና ጣሪያችን ስንት ቦታ እንደሚያፈስ፣ ሚስቴም ወጥ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደማትፈልገኝ ተረዳሁ። ለፊልቱ ገዢ ያሰባሰብኳቸው ፍየሎች የገዢያቸውን መንገድ ሲጠብቁ የመኖ አቅሜ አለቀና በርካሽ በተንኳቸው፤ አንዲት እናት ፍየል ብቻ ግቢው ውስጥ ቀረች። ይህ ሁሉ ግን እንደ አባባ ነገር አላስጨነቀኝም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሳቁብኝ። “ሌባ እንዳይገባ ነው ሌባ እንዳይወጣ?” እያሉ ጓጉንቸሩን ያንኳኩ ነበር። በሁለተኛው አኮረፉ። በሦስተኛው ከአልጋቸው አጠገብ ያለው መስኮት ሥር ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ማየት ጀመሩ። ምግቡ እንደቀረበ ይመለሳል። እንዲበሉ ብለምናቸው ቀና ሳይሉ፣

“ነስሩ፣ እዚህ ያስቀመጥከኝ እንዳልሞት ነው አይደል?” አሉኝ።

“አዎ አባባ።”

“እንግዲያ አልሆነልህም። መሞቱን ጀምሬዋለሁ።”

ወጥቼ ግቢው መሐል ቆምኩ። ብከፍትላቸው በሽታው፣ ብዘጋባቸው ይኸው። ኦቦ ጃርሶ ከቁልቋሉ ወዲያ ሆነው፣ ሚስታቸው ከአሮጌ ሽርጥ የሰፋችላቸውን ማስክ አገጫቸው ላይ አውርደው፣ “ናጋ?” አሉኝ፣ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ናጋ እንዳልሆነ ነገርኳቸው።

“የሰውየው እጅ ሥራ ፈታ፤” አሉ ጥቂት አስበው። “እሱ የሚሞተው ከእጁ ነው።”

ሄደው የጥጃ ገመድ ከጥጃ ገመድ ቀጥለው አመጡና ጫፉን በአጥሩ ላይ ወረወሩልኝ። ለአባባ በመስኮቱ አቀበልኳቸው። ገመዱ ግቢያችንን አቋርጦ በወገብ ከፍታ እስከ ኦቦ ጃርሶ ደጃፍ ተዘረጋ። ሕግ ወጣለት፦ ረጅም ስበት ሺህ ነው፣ አጭሩ መቶ፣ ማርገብገብ አልፈልግም ማለት ነው፣ ወጥሮ መያዝ ደግሞ ተሸጠ። የሚሸጥ ከብት ስላልነበረ ከብቱን በአፋቸው ይፈጥሩታል። ሁለቱም እጃቸውን በጋቢ ሸፍነው ነበር። ከማን እንደሚደብቁ አልጠየቅኋቸውም።

“ቦራ በሬ ነው! ቀንዱን ብታይ!” ይላሉ ኦቦ ጃርሶ።

“አየሁት። ግራ እግሩን ያነክሳል፤” ይላሉ አባባ ከመስኮቱ።

“አንተ መነጽርህን አድርግ! ድንጋይ ረግጦ ነው!”

ከዚያ ዝም ተባብለው ገመዱ ብቻ ይናገራል። ሚስቴ ልብስ ማስጫ መስሏት አንድ ቀን ካልሲ ሰቅላበት ስድብ ጠገበች። አባባ መብላት ጀመሩ። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ አንድ ጠዋት ሲያስሉ ሰማሁ። ሚስቴ ደንግጣ ቴርሞሜትር ልታመጣ ሮጠች፤ እኔ ግን ያንን ሳል ከአጥሩ ላይ ሆኜ የተማርኩት ነውና “ተዪ፣ አትርፈው ነው” አልኳት።

እንዲህ ደህና ስንሄድ ፍየሏ ገባችበት። ያን ቀን ኦቦ ጃርሶ የሚሸጡት ከሊበን የመጣ፣ እንደሳቸው አባባል አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በሬ ነበር። አባባ የሚያሳፍር ዋጋ ሳቡ። መልስ እስኪመጣ ፍየሏ ከመስኮቱ በማይታየው የአጥሩ ጥግ አንገቷን ልታክ ገመዱ ላይ ተጋደመችና ገመዱ ተወጠረ፤ እስኪበቃትም ድረስ እንደተወጠረ ቆየ። አባባ አስለው ጋቢያቸውን ገፈፉ።

“ገዛሁ!”

“ምን ገዛህ? እኔ መቼ ወጠርኩ!”

“ገመዱ ጠበቀ፣ ጃርሶ። አርባ ዓመት ጨብጠህ ዛሬ ልታፈርስ?”

ኦቦ ጃርሶ በዕድሜያቸው አፍራሽ ተብለው አያውቁም። በእጃቸው የያዙትን የገመድ ጫፍ ጥለው ገቡ። ፍየሏን ያየኋት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ዝምም አልኩ። ምክንያቴን ልናገር፦ ያን ምሳ አባባ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። በማግስቱም ለሙግት የሚሆን ጉልበት እንዲኖራቸው ይመስል ገንፎ አዘዙ። ንዴት እንዲህ የሚያበላ ከሆነ ትንሽ ይናደዱ አልኩ፤ ነጋዴ ነኝ፣ የሚሄድ ነገር አልነካም። በሦስተኛው ቀን ግን ማዶ ማንም ወደ ገመዱ አልመጣም። ማታውን ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። በአራተኛው እጃቸው እንደገና ጭናቸው ላይ ተኝቶ ሳይ መስኮቱ ሥር ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

“አይተሃል?”

“አይቻለሁ።”

“ጃርሶን አፍራሽ ብዬ ስሰድበው እያየህ?”

“እየበሉ ስለነበር ነው አባባ።”

“ሂድ፣ እሱ ፊት ቆመህ ንገረው። ጮክ ብለህ። እኔ ከዚህ ልስማው።”

የአርባ ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ቁልቋል አጥር ሥር ቆሜ ፍየል ስለ ሠራችው ሥራ ጮክ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ኦቦ ጃርሶ ከቤት ሳይወጡ አዳመጡኝ። ሲወጡ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞረው፣

“አባ ነስሩ፣ ደላላዋ ያንተ ፍየል ናት ማለት ነው?”

“እንዲያ ይላል ልጁ።”

“የድለላዋን የሚከፍል ገዢው ነው።”

አባባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሳቁ አስም ሆነባቸው፣ ውኃ ሰጠናቸው። ሽያጩን ግን ሁለቱም አላፈረሱትም፤ የጠበቀ ጠበቀ። በሬው የአባባ ሆኖ በኦቦ ጃርሶ ሣር ላይ እንዲቆይ ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በገመዱ ከመነጋገራቸው በፊት አባባ “በሬዬ እንዴት አደረ?” ይላሉ፣ “ናጋ” ይላሉ ኦቦ ጃርሶ። ዝናብ ሲጥል ወፈረ፣ አንድ ሰሞን ዓይኑን ታመመ፣ ዳነ። እኔም መስኮቱ ሥር በርጩማ አድርጌ የመኖውን ነገር ሳማክራቸው፣ ያልጠየቅኋቸውን ሲነግሩኝ፣ ነገሌ እንዴት እንደመጡ፣ እናቴን የት እንዳዩዋት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስረው የት ተደብቀው እንዳለቀሱ ስሰማ ወራቱ አለፉ።

ገበያው የተከፈተ ቀን ጓጉንቸሩን ስፈታ አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ኦቦ ጃርሶ ውጭ ይጠብቃሉ። ስለ መንገዱ አቧራ እየተነጋገሩ፣ እንደ ሕጉ ሁለት እርምጃ ተራርቀው ወረዱ፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ርቀቱ አንድ እርምጃ ሆኖ ነበር። ዞረው አላዩኝም። ሲሄዱ አይቼ ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር፤ የፈለግሁት እኮ ይኸው ነው።

እኔም በዚያው ሳምንት ፊልቱ ሄድኩ። ከዚያ ተልተሌ፣ ከዚያ እንደገና ፊልቱ። አባባ ሦስት ዓመት ኖሩ፣ በዕድሜያቸው፣ በአልጋቸው ላይ ሞቱ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በሩ ላይ ስንተላለፍ “ዋልክ?” ይሉኛል፣ “ዋሉ?” እላቸዋለሁ። አንድ ሙሉ ቀን አብረን የዋልንበትን ባስብ ባስብ አላገኘሁም። ሊነግሩኝ ጀምረው የቀረ አንድ ታሪክ ነበር፣ ሞያሌ ላይ ስለ ገጠማቸው አንድ ሰው፤ ገበያው ሲከፈት እንደተቋረጠ ቀረ። መጨረሻውን እስከ ዛሬ አላውቀውም።