የመስታወቱ ጅብ

ልጅ ሳለሁ ተረት እየሰማሁ ነው ያደግሁት እያለ በትዝታ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ሲያጋጥመኝ አፌ ይመረኛል። እኔም ሰምቼ አድጌአለሁ። የእኔን ተረት ነጋሪ ግን ቢቻለኝ ኖሮ አፉን በጭቃ በመረግሁት ነበር፤ አሮጊት ሆኜ እንኳ ይህን ስል አላፍርም፣ የንስሐ አባቴም ብዙ ጊዜ ገሥጸውኝ አልሰማ ስላልኳቸው ትተውኛል።

ያኔ ከተማው ገና ከእንጦጦ ራስ ወደ ሜዳው አልወረደም ነበር። ቤታችን ከራጉኤል ወደ የካ በሚያወርደው ተረተር ላይ፣ ነፋስ ሌት ተቀን በሚገርፈው ቦታ ነበር። ሰፈሩና ሠራዊቱ ጥዱንና ወይራውን እየቆረጠ ደኑን ስላራቀው እንጨት ብርቅ ሆኖ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ከማንደድ ይልቅ ሲመሽ አንድ አንድ ፍልጥ ይዞ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ፍልጥ ያላመጣ ከበር አጠገብ ይቀመጣል እንጂ ወደ እሳቱ አይጠጋም። ጧፉ እንዳያልቅ ቶሎ ይጠፋና የምድጃው ፍም ብቻ የሰውን ፊት ከታች ያበራዋል፤ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ እኛ ልጆች ተጠጋግተን፣ የአያ ቸርነትን አፍ እንጠብቃለን።

አያ ቸርነት የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ዘመቻ ሄዶ ስለቀረ እናቴም እኔም በእሱ እጅ ነበርን። ሌላው ሰው ስለ ቀበሮና ስለ ዝንጀሮ ሲያወራ እሱ የሚያውቀው ስለ ቡዳ ብቻ ነበር። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቀን ሰው፣ ሲመሽ ጅብ ነው፤ አመድ ላይ ተንከባሎ ይለወጣል፤ ያፈቀረውን ልጅ በዓይኑ ይበላል እያለ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ እኔ እግሬን ከምድጃው ጥላ እሰበስብ ነበር። እወደው ነበር መሰለኝ። ልጅ የሚያስፈራራውን ሰው ይወዳል፤ ይህ ከሰው ልጅ ስንፍና አንዱ ነው።

ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ከሰሜን ከመጡት ሰዎች መካከል እትዬ ዘነቡ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። አፈሯን ከቀበና ወንዝ ዳር በጀርባዋ ተሸክማ ታወጣለች። እኔ ቀኑን ሙሉ እሷ ዘንድ ነበርኩ፤ ጭቃውን በእግሬ እረግጥላታለሁ፣ እሷም ከተረፈው ትንንሽ ድስት ትሠራልኛለች፤ ስስቅ አብራኝ ትስቃለች፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሲመሽ ገሏን ይዛ እሳት ልትጭር እኛ ቤት ትመጣለች፤ አያ ቸርነትም እሷ በር ላይ ስትቆም ሆን ብሎ ስለ ሸክላ ሠሪ ይጀምራል።

አንድ ምሽት ፍሙን በገሏ እየዛቀች ቀና ብላ፣ “አያ ቸርነት፣ ይህን ጅብ እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል ወይ?” አለችው። አባቶቻችን አይተዋል ብሎ መለሰ። “እኔ የጠየቅሁት እርስዎን ነው” አለችና እሳቷን ይዛ ወጣች። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው፣ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አያ ቸርነት ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ዓይነት ሰው ነበርና ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ዘነቡን ጅብ ሆና ማሳየት።

በዚያው ሰሞን ባለ ሣጥኑ ፈረንጅ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ በአገሩ ምን እንደነበር ማን ያውቃል፤ እኛ ዘንድ ግን ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለት ነበር። አያ ቸርነት አጃቢው ሆኖ ተመደበ። ሣጥኑ በሦስት እግር ይቆማል፣ ፈረንጁ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከኋላው ይገባል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ የሰውዬው መልክ ወረቀት ላይ ወጥቶ ይታያል። አያ ቸርነትም በየሄደበት፣ ሣጥኑ ምላስ የለውም፣ ምላስ ስለሌለውም አይዋሽም፣ ያላየውን አያወጣም እያለ ያስተምር ጀመር። ሰው አመነው። እኔም አመንኩት።

ፈረንጁ እትዬ ዘነቡን ሸክላዋን ስትተኩስ አነሳት። ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከእንስራዎቿ መሀል ተቀመጠች። አትንቀሳቀሺ ስላሏት አፍንጫዋ ላይ ዝንብ ሲያርፍባት እንኳ ዝም አለች፤ በኋላ ይህን ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ፈረንጁ ድንኳን ጓሮ የሄድኩት ፍየል ጠፍታብን ነው። እዚያ ሌሊት ከበረት አጠገብ የተገደለ ጅብ በዱላ ተደግፎ፣ አፉ በእንጨት ተከፍቶ ቆሟል። ግራ ጆሮው ከሥሩ የለም። ፈረንጁ ጨርቁን ተከናንቦ ይስቃል፣ አያ ቸርነትም ዱላውን እያስተካከለ ይስቃል። ሲያየኝ ድንጋይ ወረወረብኝ። ሸሸሁ፤ ፈረንጅ የሞተ ጅብ ያነሳል እንዴ ብዬ ገርሞኝ፣ በማግሥቱ ረሳሁት።

ዛሬ ፎቶግራፍ ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። መልኩ የሚቀረው ሣጥኑ ውስጥ በሚገባ መስታወት ላይ ነው፤ አንዱን መስታወት ሁለት ጊዜ ሁለት ነገር ካሳዩት ሁለቱም ተደራርበው ይወጣሉ። ያኔ ግን በዚያ ተራራ ላይ ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ቸርነት ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ቆሞ ወረቀቱን አውጥቶ አሳየ። እትዬ ዘነቡ ተቀምጣለች፤ ከደረቷ ውስጥ አፉን የከፈተ ጅብ እንደ ጉም ሆኖ ይታያል። ሰው አማተበ። ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ነጠላቸው ሳቡ። እኔ በሰው እግር መሀል ሾልኬ አየሁትና ጆሮውን አወቅሁት፤ ግራው የለም። ግን ልንገራችሁ፤ ጅቡን አውቄውም እትዬ ዘነቡን ፈራኋት። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አመንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭቃ ልረግጥላት አልወረድኩም።

ክረምቱ ሲገባ ታመምኩ። ብርድ ብርድ ይለኛል፣ መልሶ እንደ እሳት ያቃጥለኛል፣ የበላሁት አይቆይልኝም። ንዳድ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። አያ ቸርነት ግን የፍየል ቀንድና ነጭ ሽንኩርት ፍም ላይ ጣለና፣ ቡልኮ አከናንቦ ጭሱ ላይ ደፋኝ። በአገራችን እንዲህ ሲያደርጉ የሚጠይቁት ልጁን አይደለም፤ በልጁ ውስጥ ያለውን ቡዳ ነው፤ የሚመልሰውም ቡዳው ነው ይባላል። “ማነሽ?” ይለኛል። አፍንጫዬ ነደደ፣ ዓይኔ የፈሰሰ መሰለኝ፣ እናቴ ከቡልኮው ውጭ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ሁለት ጊዜ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቡልኮውን እንዲገልጡልኝ የሚፈልጉትን ስም አውቅ ነበርና፣ “ዘነቡ ነኝ” አልኩ። እትዬ እንኳ አላልኩም።

ወዲያው ገለጡኝ። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንዲያ የጣመ አየር ስቤ አላውቅም።

እትዬ ዘነቡን ሁለት ሰዎች ይዘው አመጧት፤ እጇ ላይ ጭቃው አልደረቀም። እንድትተፋብኝ አዘዟት። ቡዳ የበላውን ሰው ራሱ ከተፋበት ይለቀዋል፣ በሽተኛውም ምግብ ይጠይቃል ይባላል፤ ምግብ ከጠየቀ ደግሞ የተፋው ቡዳ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው። ሰው በሩን ሞልቶ ቆሟል። እሷ አያ ቸርነትን አላየችውም፣ እኔን ነበር የምታየኝ።

“ብተፋ ቡዳ ናት ትላላችሁ። ባልተፋና ልጅቷ ብትሞት ገደለቻት ትላላችሁ” አለች። ቀስ ብላ አጠገቤ ተንበረከከች። “እንግዲያ ቡዳ በሉኝ፤ ልጅቷ ትዳን።” ከዚያም ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ አለችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ይዘዋት ወጥተው እስኪለይላት አንድ ጎተራ ውስጥ ዘጉባት። እኔም መደብ ላይ ተኝቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ግልጥ ብሎ ታየኝ። የእሷ ዕጣ በእኔ ሆድ ላይ ነው። ካልበላሁ ነፃ ናት ብዬ አሰብኩ፤ ብሞት እንደሚገድሏት አላሰብኩም፣ ልጅ ነበርኩ። በልቤ ማልኩ። እናቴ አጥሚት ስታቀርብልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ንዳዱ ግን በማግሥቱ ለቀቀኝ፤ በራሱ ጊዜ፣ ንዳድ እንደሚለቀው። ሆዴ ይጮህ ጀመር። አንድ ቀን ቻልኩ። ሁለተኛውን ቀን እስከ እኩለ ቀን ቻልኩ። ከዚያ እናቴ ገንፎ ስታገነፋ ሽታው መጣብኝ።

“እማዬ፣ ራበኝ” አልኩ።

እናቴ እልል አለች። ጎረቤቷ ተቀበለቻት፣ ከዚያ የሚቀጥለው ቤት፣ እልልታው እስከ ታች ድረስ ወረደ። እኔ ገንፎውን ስበላ ሰዎች በመስኮቱ አጠገብ ሲሮጡ ይሰማኛል። የሸክላ መሰባበር ሰማሁ። ማንኪያዬን አላቆምኩም።

ጊዜው ካለፈ በኋላ አፌን ጠርጌ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሞተውን ጅብ፣ ዱላውን፣ ጆሮውን፣ ስሟን የጠራሁት ጭሱ አቃጥሎኝ መሆኑን። እናቴ አመነችኝ፤ ዓይኗ ላይ አይቻለሁ። አያ ቸርነት ግን ከኋላዋ ቆሞ ይሰማ ነበርና፣ ይህ የልጅቷ አፍ አይደለም፣ ቡዳዋ ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀቻትም፣ የምትክደው እሷው ናት አለ። ቀንዱንና ሽንኩርቱን አምጡ ብሎ አዘዘ። እናቴ አቀረቀረች። እኔም፣ አይደለም፣ ድኛለሁ አልኩት፤ ስለ ጅቡም ከዚያ በኋላ ተናግሬ አላውቅም።

እትዬ ዘነቡን በዝናብ፣ ባዶ እጇን፣ ቀበናን አሻግረው ሰደዷት። የት እንደ ደረሰች የሚያውቅ የለም። ፈረንጁም ጥቂት ሰንብቶ ሣጥኑን አስጭኖ ሄደ፤ በአገሩ ይህን እንደ ጨዋታ አውርቶት ይሆናል። አያ ቸርነት ሸምግሎ፣ ተከብሮ፣ ብዙ ሰው አልቅሶለት ሞተ። እኔ አላለቀስኩም።

ተረቶቹን ረስቻቸዋለሁ፤ አንዱንም ለልጆቼ አልነገርኩም። ሰባት ወልጃለሁ። ልጅ ታምሞ ሲያገግም ቤቱ ሁሉ የሚጠብቃት ቃል አለች፤ ትንሹ ከመደቡ ቀና ብሎ ራበኝ ሲል ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ አባትየው ወደ ደጅ ወጥቶ ያለቅሳል። እኔ ሰባቱም ሲሉት ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ እልል ማለት አልቻልኩም፤ ጆሮዬን ይዤ ከቤት እወጣለሁ፣ እስኪበሉም አልመለስም። እናታችን ልባችንን አታውቅም፣ ለልጆቿ መዳን እንኳ ደስ አይላትም ይላሉ። ይበሉ።