ጭራቸው ያልታየ ሁለት ዳክዬዎች

ቁጥርን በተረትና በጭቃ የሚያስተምር ሰው ቁጥሩን ራሱ አያውቀውም ብዬ አምን ነበር። ወደ ሮኪያ ክፍል የገባሁትም ይህን እምነት ይዤ ነው።

ሮኪያ በኬሪያን ወረዳ የሩዝ ማሳዎች መካከል ባለች መንደር፣ በአንዲት መዋዕለ ሕፃናት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች። የሥዕል መጻሕፍቷን የምትሠራው ራሷ ናት፤ ዓመቱ ባለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ሥላ በመረብ ክር ትሰፋቸዋለች። አንድ ገጽ ካነበበች በኋላ ልጆቹ ያዩትን በጭቃ ሠርተው ይደረድራሉ፣ ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ። መዝገቧ የተዝረከረከ ነው፤ ደወልም አታከብርም። ከወረዳው ትምህርት ቢሮ የተላክሁት ይህ የመጽሐፍ ሰዓቷ ይቀጥል፣ ወይስ ቀርቶ በመልመጃ ወረቀት ይተካ የሚለውን እንድወስን ነበር።

መፈተኛ ሥዕል ይዤ ነበር። ሰባት ዳክዬዎች በማሳ ድንበር ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ከረጅሙ ሩዝ ኋላ ሆነው አንገታቸው ብቻ ብቅ ብሏል። የአምስት ዓመቷን ዋርዳን ጠራኋት።

«ስንት ጭራ ዳክዬ ነው?» አልኳት። በእኛ ቋንቋ እንስሳ የሚቆጠረው በጭራ ነው፤ አምስት ዳክዬ አንልም፣ አምስት ጭራ ዳክዬ እንላለን።

በጣቷ እየነካች ቆጠረች። «አምስት ጭራ።»

«ደግመሽ ቁጠሪ።»

«አምስት ነው አልኩ እኮ!»

ሌሎች ሦስት ልጆችም አምስት አሉ። ቅጹ ላይ «ይቅር» ብዬ ጻፍኩ። «ቺክጉ ሮኪያ፣» አልኳት፤ እዚህ መምህር ሁሉ ቺክጉ ነው፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት ጭቃ አስቦክተው፣ ልጆቹ ሰባት መቁጠር አይችሉም።»

ሮኪያ ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

«ዋርዳዬ፣ ምን ቆጠርሽ?»

«ጭራ።»

«እነዚህ ሁለቱስ?»

«እነሱማ ጭራ የላቸውም!»

«ጭራ የሌለው ዳክዬ አለ እንዴ?»

«አለ! እኛ ቤት፣ ድስት ውስጥ!» አለ ሲያሚል የሚባለው ልጅ ከኋላ፤ ልጆቹ አውካኩ።

ሮኪያ አልሳቀችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤» አለችኝ። «ስሥል ሁሉንም በጎን ነው የማቆማቸው፤ ያምራሉ ብዬ። ጭራ ደብቄ አላውቅም።» መጻሕፍቷን ገልጬ አየሁ፤ እንዳለችው ነው። ጥፋቱም የእውነት ጥፋት ነበር።

ሰባት የጭቃ ዳክዬዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ከሁለቱ ፊት ሣር ተከለች። ዋርዳ ከፊት ሆና አምስት አለች።

«አሁን በኋላቸው ዞረሽ እዪ።»

ልጅቷ ዞረች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። «ይኸው! ጭራቸው እዚህ ነው!» ማንም ሳያዛት ወደ እኔ ሥዕል ሮጠች። ሁለቱን አንገቶች ነካች። «ሰባት ጭራ። ባይታይም አለ።» ከዚያም ቀና ብላ አየችኝ። «አጎቴ፣ ለምንድን ነው የደበቁባቸው?»

ቅጹን ቀደድኩት። በሌላ ቅጽ የመጽሐፍ ሰዓቱ ይቀጥል ብዬ ፈረምኩ፤ መዝገቧ እንዲስተካከልም አዘዝኩ፤ እሱ ዛሬም የተዝረከረከ ነው።

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በጭራ የቆጠርኩ ሰው ነኝ። በዋርዳ ላይ ከመፍረዴ በፊት ምን እንደቆጠረች ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኋትም፤ የጠየቀቻት ሮኪያ ናት።