አራተኛው ባለመነጽር

መነጽሩን አውልቆ ካልሲው ውስጥ ሸጎጠና የክሬኑን መሰላል በእጁ ፈለገ።

«ኧረ መሰላሉ እዚያው ነው ያለው! ምን ያደናብርሃል?» አለ ከታች ጭነት የሚያስረው ባልደረባው።

«አፍህን ይዘህ ሰንሰለትህን እሰር።»

በብረት መጋዘኑ ሃያ ሁለት ዓመት ክሬን ነድቷል፤ አንድም ጭነት አልጣለም። መነጽር ያስፈለገው ከሁለት ወር ወዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት መነጽር ያለው ሰው ክሬን እንዳይነዳ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ።

ክልከላው የመጣው ከእህቱ ልጅ ኮምፒውተር ነው። የመጋዘኑ የመረጃ ባለሙያ ናት። ሥራ አስኪያጁ ጭነት የሚጥለው ምን ዓይነት ኦፕሬተር እንደሆነ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ አንድ ነገር የመድረስ ዕድሉን በሚገምት ስሌት፣ አስሊ አላት። ኦፕሬተሮቹ አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ባለመነጽር ተብለው የተመዘገቡት ሦስት፤ ሦስቱም ጥለዋል። ከቀሩት አሥራ ስድስት የጣሉት አራት። መነጽር ኖሮት ያልጣለ ስለሌለ ስሌቱ ማረፊያ አጣ፤ መነጽር የመጣልን ዕድል ምን ያህል እንደሚጨምር የሚለካው ቁጥር ሲወጣ ሲወጣ ሃያ ላይ ኮምፒውተሩ ታክቶት ተወው። ሃያው ሊሳሳት የሚችልበት መጠን ግን ከአራት ሺህ ይበልጣል።

«አለቃ፣ ሰዎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ይሄ የሚያዝ ቁጥር አይደለም።»

«ሃያ ወጥቶ? ከዚህ በላይ ምን ይውጣልሽ?» አለና ማስጠንቀቂያዋን ከሪፖርቱ ሰረዘው።

ማስታወቂያው በተለጠፈበት ሳምንት እሁድ አጎቷ ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ መዝገቡ መነጽር የለውም ነው የሚልህ። እንዳለህ ተናገር። አንተ አንድ ሰው ከገባህልኝ ሃያው ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ሁለቱም አያስተማምንም። ክልከላው የሚቆምበት ያጣል።»

«እስኪወርድልሽ ማን ያበላኛል? በተናገርኩበት ቀን ነው የሚያስወጡኝ።»

«እንግዲያው ክሬኑ ላይ ያለ መነጽር አትውጣ።»

«ከለከልሽኝ፣ አሁን ደግሞ ልታስይዢኝ ነው? እናቴ ትሙት ብለሽ ማዪ! ለማንም አትናገሪም።»

እናቴ ትሙት አለች።

መነጽሩን ካልሲው ውስጥ በከተተበት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የብረት ዘንግ እስር ሲያወርድ አሳሪው ቁም ብሎ እጁን አነሳ። እሱ አውርድ ያለው መሰለው። ጭነቱን ላዩ ላይ ጣለበት፤ አሳሪው እዚያው ሞተ።

«መነጽሩን መደበቁ ከታወቀ የእስራት ፍርዱ ይብስበታል» አለች እህቱ ለልጇ።

በወሩ መጨረሻ ልጅቷ መዝገቡን አደሰች። በአጎቷ ረድፍ «ጭነት ጥሏል፤ መነጽር የለውም» ብላ ሞላች። ባለመነጽሮቹ አሁንም ያው ሦስቱ ናቸው፤ ሃያው አልተነቃነቀም።

ክልከላው በሌሎች ሁለት መጋዘኖችም ተለጥፏል።