አያ አበጀ ያጠበቁት ኦርጋን

ይህ ነገር የደረሰው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ እስቴ መካነ ኢየሱስ በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ኦርጋን ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ቀኝ ጉልበቴ ያስታውሰኛል። ነገሩ በቅጡ እንዲገባችሁ ከኦርጋኑ ልጀምር።

በትምህርት ቤታችን አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደ፣ በእግር የሚነፋ አሮጌ ኦርጋን አለ። ሁለቱ መርገጫዎች ሲረገጡ በሆዱ ውስጥ ያለው ወናፍ ይነፋል፤ ዜማውን ጣት ይመርጣል። እጅም እግርም ሥራ ስለያዙ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ የጉልበት ድርሻ ነው። ለዚህ ሲባል ከገበታው ሥር በቀኝና በግራ ሁለት የእንጨት መግፊያዎች ተንጠልጥለዋል። ጉልበት ወደ ውጭ ሲገፋቸው ድምፁ ይጎላል፤ ሲለቃቸው ይለዝባል። የእኛዎቹ ግን ማጠፊያቸው ተበልቶ ላልተው ነበር። ብገፋቸው ይወዛወዛሉ እንጂ ድምፅ አይጨምሩም። ይባስ ብሎ በዜማው መሀል ቋ ቋ ይላሉ።

ለወላጆች በዓል ስንዱ የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ብቻዋን እንድትዘምር ተመርጣለች። ስለዚህ መግፊያዎቹን የሚያጠብቅ ሰው ፈለግሁ። በቅርብ የነበሩት ከገበያው በታች ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት አያ አበጀ ብቻ ናቸው። ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻቸውን ሁሉም ይገዛል፤ ቡዳ ናቸው ስለሚባል ግን ከእሳቸው ጋር ማዕድ የሚቆርስ የለም። እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ ይህን ወሬ እዚያም ሰምቼዋለሁ። ወሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አያ አበጀ መጥተው ከኦርጋኑ ሥር በጀርባቸው ተንጋለሉ። ወናፉን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ።

«ይኼማ የእኛው ወናፍ ነው መምህር! የእርስዎ ይዘምራል፣ የእኔ ያስላል፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው።»

የተበሉትን ብረቶች አውልቀው ወሰዱ። በማግስቱ ወፈር ያሉ አዳዲስ ብረቶች ቀጥቅጠው አመጡና እንጨቱ እንዳይንኳኳ በየጎኑ ቁራጭ ቆዳ ጣል አድርገው ገጠሟቸው። «እስቲ ይሞክሩት» አሉኝ። ልጆቹ ለልምምድ ተሰብስበው ስለነበር ስንዱ እንድትዘምር ነገርኳት። ቀኝ ጉልበቴን ገፋ ሳደርግ የኦርጋኑ ድምፅ ከእሷ ድምፅ ጋር እኩል ተነሣ። አያ አበጀ ከመሬት ብድግ አሉ።

«ወይ ድምፅ! ወይ የዚች ልጅ ድምፅ!»

ለማያውቅ ልንገር፤ በዚህ አገር ልጅ ያደነቀ ሰው «ማርያም ትጠብቃት» ይላል፤ ወይም እንትፍ ይላል። ይህ የጎደለው አድናቆት እንደ ክፉ ዓይን ይቆጠራል። አያ አበጀ በሥራቸው ተደስተው ዘነጉት። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። «ማርያም ትጠብቃት፣ ማርያም ትጠብቃት» አሉ ቶሎ ብለው፤ ልጆቹ ግን እርስ በርስ መተያየት ጀምረው ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ስንዱ ታመመች። ልጠይቃት ስሄድ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ቤተሰቦቿ ራሷን በጋቢ ሸፍነው በቅጠል ጭስ ያጥኗታል፤ ታስላለች፣ ታለቅሳለች። «ማን በላሽ? ተናገሪ!» ይሏታል። አባቷን አቶ መኩሪያን ትኩሳት እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። የሚሰማኝ ስላጣሁ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ልጠራ ሮጥኩ።

ከድሬሰሩ ጋር ስንመለስ መንገድ ላይ አያ አበጀን አገኘን። ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች ከፊት ከኋላ ሆነው ያመጧቸዋል። ስንዱ ስማቸውን ጠርታ ኖሯል። በልማዱ በላ የተባለው ሰው መጥቶ በሽተኛው ላይ እንትፍ ሲል በሽታው ይለቃል ይባላል።

«አይሂዱ አያ አበጀ፤ መርፌ ትወጋለች» አልኳቸው።

«ቀርቼ ብትሞት ገደላት ይሉኛል። ሄጄ ብትድን ደግሞ ቡዳነቱን በገዛ ምራቁ መሰከረ ይሉኛል። የቱ ይሻላል መምህር? እርስዎ የተማሩ ነዎት።»

ከኋላ ያለው ሰው «ምን ያልጎመጉማል፣ ንዳው!» አለ።

«መዳኗ ይሻላል» አሉ አያ አበጀ፤ ለራሳቸው ጥያቄ ራሳቸው መልስ ሰጡ።

ስንዱ ወደተኛችበት ገብተው ጎንበስ አሉና ፊቷ ላይ እንትፍ አሉ። «ማርያም ትማርሽ ልጄ» አሉና ማንንም ሳያዩ ወጡ። ወዲያው ድሬሰሩ መርፌ ወጋት፤ በየቀኑም እየተመላለሰ ይወጋት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ስንዱ ተነሥታ ተቀመጠች።

የመርፌውን አሠራር ለአቶ መኩሪያ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ይሁን የኔ ልጅ። ግን አበጀ ካልለቀቃት መርፌው በየት ይገባል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አያ አበጀ እንደተናገሩት ሆነ። የእርሻ ወቅት ቢሆንም ማረሻ ይዞ ወደ ቤታቸው የሚወርድ ጠፋ። እናቶች በደጃቸው ሲያልፉ ልጆቻቸውን ነጠላ ውስጥ ይደብቃሉ። አንድ ቀን ቤታቸው በድንጋይ ተደበደበ። በሳምንቱ ሚስታቸው ወናፉን ጠቅልለው አህያ ላይ ጫኑት፤ ባልና ሚስት በስማዳ መንገድ ወረዱ። ወገዳ ገበያ አየናቸው ያለ ሰው ነበር፤ ሌላው ደግሞ ወሬው ቀድሟቸው እዚያም አልተቀመጡም አለ።

የወላጆች በዓል ደረሰ። ስንዱ ዘመረች። ሕዝቡ እልል አለ፤ እንትፍ እንትፍ እያለ መረቃት። አቶ መኩሪያ አለቀሱ። እኔ ከሥር ጉልበቴን እገፋለሁ፣ መግፊያዎቹም ያለ አንዳች ኮሽታ ይታዘዙኛል።

በዓሉ ሲያበቃ ስንዱ ወንበር ስታነሣ ቆይታ ወደ እኔ መጣች።

«ታምሜ ሳለሁ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ መምህር። የሰው ስም እየጠሩ እሱ ነው? እሱ ነው? ይሉኛል። አያ አበጀ ላይ ሲደርሱ አዎ አልኩ። አዎ ካልኩ ጭሱን ያነሡልኛል ብዬ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይመለሳሉ?»

ለተማሪ ጥያቄ መልስ መስጠት ደስ ይለኛል። ያን ቀን ግን ኦርጋኑን ከደንኩት።

አሁንም እዚያው አስተምራለሁ። በየሳምንቱ ከኦርጋኑ ሥር ገብቼ መግፊያዎቹን በእጄ እነቀንቃለሁ። ንቅንቅ አይሉም። አንዳንዴ ቢላሉ ብዬ እመኛለሁ፤ እሳቸውን ፍለጋ ለመሄድ ምክንያት ይሆነኝ ነበር።