ሁለት ዓይን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ሠዓሊው ደምመላሽ ጋ ሲደርስ ግን መልአኩ ሳያንቀላፋ አልቀረም፤ እሱ እንኳን ደም ሊመልስ የሰው ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአባቱ ተምሮ፣ አብዮቱ ሲመጣ ሥራው ቢቀዘቅዝበት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በከፈታት ጠባብ ሱቅ የቀበሌ መፈክር እየጻፈ ይኖራል። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚለውን፣ ዝናብ በቀረበት በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደጻፈው እሱና ቀለሙ ያውቃሉ።

ልቡ ያለው ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው። ጨርቁን በአራት ማዕዘን ይከፋፍልና ታሪክን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ ይስለዋል፤ ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። አባቱ ያወረሰው አንድ ሕግ አለ፦ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎኑ ባንድ ዓይን ይሳላል። ይህን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲያስረዳ ይውላል፤ መዘዝ ያመጣበትም ይኸው ወሬው ነው።

በ1978 ዓ.ም. መስከረም፣ ከኩታበር መጥታ ልብስ በማጠብ የምትኖር ረሂማ የምትባል ሴት፣ የእርዳታ ስንዴ ከረጢት አጥባ ይዛለት መጣች። ታሪኳን በላዩ ላይ እንዲስልላት ነበር። ልጇ መዲና ስለ ወንድሟ ትጠይቃለች፤ የእናትየው አፍ ደግሞ አልታዘዝ ብሏል። ለደምመላሽ ስትነግረው እንኳ ራሷን «ያቺ ሴትዮ» እያለች ነው። ያቺ ሴትዮ ባሏን ለጦር ሜዳ ወሰዱባት። ዝናቡም ቀረ። ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ደሴ ስትጓዝ ጉልበቷ አለቀ። እስትንፋሱ የደከመውን ልጇን ሸረፈዲንን ወይራ ሥር አስተኝታ፣ መዲናን አዝላ ሄደች። በማግስቱ ከመጠለያው ሰው ይዛ ስትመለስ መንገደኞች ቀብረውት ደረሰች።

ደምመላሽ አምስት ክፍል ስሎ ወይራው ጋ ሲደርስ አስቆመችው።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ እዚህ ላይ ያቺን ሴትዮ ባንድ ዓይን ይሳሏት» አለችው። «ወላሂ ሁለት ዓይን አይገባትም።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው አለ በልቡ። እምቢ ቢላት፣ ሊያባብላት ሕጉን የጣሰ ይመስላታል። እሺ ቢላት፣ መዲና እናቷን ዕድሜ ልኳን ከክፉዎቹ ተርታ ልታያት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ብሩሽ አላነሳም። በሦስተኛው ቀን ረሂማን አስጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ከወይራው ስትሄጂ ዞር ብለሽ አላየሽም?»

«ምን አየሁ ይባላል፣ ፊቴን ከሱ መች መለስሁና» አለች። «ወይራው እስኪሰወረኝ ወደ ኋላ እያየሁ ነው የሄድሁት። እንቅፋት ሁለት ጊዜ የጣለኝ በዚያ ነው።»

ደምመላሽ ብሩሹን አነሳ። ወይራውን ከፊት፣ መንገዱን ከኋላ አደረገ። እግሯ ወደ ደሴ ይራመዳል፣ መዲና ጀርባዋ ላይ ናት፣ ፊቷ ግን ወደ ልጇ፣ ሥዕሉን ወደሚያየውም ሰው ፊት ለፊት ዞሯል። ወደ ኋላ የዞረ ፊት ደግሞ በሕጉም ቢሆን ሁለት ዓይን አለው።

ረሂማ ሥዕሉን ወስዳ መዲናን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ጣቷ ከመጀመሪያው ክፍል ተነስቶ፣ ቀስ እያለ ወይራው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ወንድምሽ ሸረፈዲን ነው» አለቻት። «ይቺ ደግሞ እኔ ነኝ።»