አባቴን «እርስዎ» ያልኩበት ቀን

ይህ የሆነው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ስድስት ዓመት አልፎታል፤ አባቴ በየቀኑ ስለሚያስታውሰኝ ግን ልረሳው አልቻልኩም።

አባዬ ጅማ፣ ሄርማታ ውስጥ የቡና ጆንያ ሰፊ ነው። አዲስ አበባ ያለው አንጋፋው ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ «ልጄ እዚያ ግቢ ገባች» ብሎ ያልነገረው የባጃጅ ሾፌር የለም። እኔ ደግሞ እዚያው ግቢ፣ ዶርም ውስጥ፣ አባቴ ቡና ላኪ ነው ብዬ አወራሁ። ውሸቱ ሲጣፍጠኝ መኪናም ጨመርኩለት።

ታዲያ ትምህርት ክፍላችን ለመስክ ጉብኝት ጅማ አመጣን። የምንጎበኘው መጋዘን አባዬ የሚሠራበት ስላልነበረ አልሰጋሁም። ለካስ እዚያ ሥራ በዝቶ ጠርተውታል።

ገና ስንገባ መርፌውን ጥሎ ተነሣ። ፂሙ ላይ የጆንያ ክር ተሰክቷል። «ኢንተላ ኮ!» ብሎ እጁን ዘርግቶ መጣ። በኦሮምኛ «ልጄ» ማለቱ ነው።

የዶርም ጓደኛዬ ቤዛ ኦሮምኛ አትሰማም። «ምን አሉሽ?» አለችኝ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ እያሉ ነው። የእኛ ሠራተኛ ናቸው» አልኳት። ወደ አባዬ ዞሬም፣ ዕድሜ ልኬን አንተ ያልኩትን ሰው «ደህና ነዎት?» አልኩት።

አባዬ አማርኛ ጠንቅቆ ያውቃል። የዘረጋውን እጅ ሽርጡ ላይ ጠረገና ሰበሰበው። «አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለኝ።

«ሠራተኞቻችሁ ሲያከብሩሽ!» ብላ ቤዛ ሳቀች። ወላሂ፣ እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ክረምት ላይ ቤት ስመለስ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለኝ። «ይግቡ፤ መንገዱ እንዴት ነበር?» እናቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች። በሦስተኛው ቀን አለቀሰች። ዶርም ውስጥ ያወራሁትን ሁሉ ተናዝዤ እግሩ ላይ ወደቅኩ፣ ሽማግሌ ላክሁ። «አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ» ይላል፤ «እርስዎ»ን ግን አልተወም። ምረቃዬ ላይ እንዲገኝ ስለምነው «ቡና ላኪው አባትዎ ይምጡልዎ» ብሎ ቀረ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አስቤ ነው የተናገርኩት።

ዘንድሮ ታሞ ተኛ። ውሃ እያጠጣሁት «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንቺ በለኝ» አልኩት። ጠጥቶ ጨረሰና ብርጭቆውን መለሰልኝ።

«አላህ ይስጥልኝ» አለ፤ «አደከምኩዎት።»

አሁን ምን ይሰማሻል ብትሉኝ፣ አፍራለሁ እንዳልል፣ ለዚህ ያበቃኝ ያኔ ማፈሬ ነው።