እትዬ ጥሩአየሁ ለኒውዮርክ መልስ ሰጡ

እስካሁን ሳስበው ጎኔን ይዤ እስቃለሁ። አገሮች በዘላቂ ልማት ምን ያህል እንደተራመዱ ኒውዮርክ ላይ በየተራ ሪፖርት ያቀርባሉ። የእኛ አገር ተራ በደረሰበት ቀን ሪፖርቱን በቴሌቪዥን በቀጥታ ለማየት የሰቆጣው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በሪፖርቱ ውስጥ የሰቆጣ ዙሪያዋ የእትዬ ጥሩአየሁ ፎቶ አለ ተብሏላ! ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁት የፕላን ሠራተኛ እኔ እንግሊዝኛውን እተረጉማለሁ።

በማሽላ እርሻቸውና በማያርፍ ምላሳቸው የታወቁት እትዬ ጥሩአየሁ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ የወረዳው ኃላፊዎች ከኋላቸው። ከእጅ ፓምፕ ውሃ ሲቀዱ የተነሡት ፎቶ በቴሌቪዥኑ ብቅ ሲል እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ።

በቀበሌያቸው ስብሰባ ላይ ጉዳዩ የተነሣበት ሰው ቆሞ መልስ ይሰጣል፤ ደንብ ነው። እትዬም ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉና ቴሌቪዥኑን ያናግሩት ጀመር።

«እኔው ነኝ፤ ውሃውም እውነት ነው። ፓምፑ ግን ከፋሲካ ወዲህ ተሰብሯል። እሱንም ጨምሩበት!»

ልክ በዚያ ቅጽበት የኒውዮርኩ መድረክ ሰብሳቢ አመስግነው ወደሚቀጥለው አገር አለፉ። እኔም አላስቻለኝም፤ «እናመሰግናለን ብለዋል!» ብዬ ተረጎምኩ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን! ቄሱ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔ ከነወንበሬ ተገለበጥኩ።

በሳምንቱ ፓምፑ ተጠገነ። ገበያ ላይ ሳገኛቸው፣ «እትዬ፣ ኒውዮርክ የሰማዎት መሰለዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ እየሳቁ። «የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከኋላዬ ተቀምጦ አልነበር?»